ሙዚቃው ከስርቆት ወጣ፣ ፊልሙና ኳሱ ተመልሶ ገባ

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ዘፈን በነጻ ከኢንተርኔት ማውረድ የተለመደ ነገር ነበር። አሜሪካ ያለ ተማሪም ያደርገዋል፣ ስቶክሆልም ያለ የባንክ ሠራተኛም ያደርገዋል። ዛሬ እነዚያው ሰዎች ለዘፈን በየወሩ ይከፍላሉ። ስልካቸውን ይከፍታሉ፣ የፈለጉትን ይጫናሉ፣ ይሰማሉ፣ አለቀ። ማታ ኳስ ለማየት ሲቀመጡ ግን፣ ወይም ጓደኛ የነገራቸውን ድራማ ሲፈልጉ፣ እነዚሁ ሰዎች ከየትም የተገኘ ሊንክ ሲያሳድዱ ታገኟቸዋላችሁ። ለዘፈን ከፋይ፣ ለኳስ ሰራቂ። ሰውዬው ያው ነው፣ ጸባዩ አልተለወጠም።

ስለ ሕገወጥ ቅጂ ሲነሳ ግን ወሬው ወዲያው ወደ ጸባይ ይሄዳል። "ሕዝቡ መክፈል አይወድም"፣ "የሰው ላብ መብላት ለምዶብናል" ምናምን። እኔን ይሄ ወሬ ብዙም አያሳምነኝም። ያለፉትን ሃያ አምስት ዓመታት ዞር ብላችሁ ስታዩ ስርቆቱ ከፍና ዝቅ ሲል የኖረው ሕጋዊው መንገድ ሲወሳሰብና ሲቀል እየተከተለ ነው እንጂ የሰው ሞራል በየአምስት ዓመቱ እየተበላሸና እየታደሰ አይደለም። ስትሪሚንግ፣ ማለትም ሳያወርዱ በቀጥታ ከኢንተርኔት መስማትና ማየት፣ ሙዚቃ ላይ ያሳየን ይህን ነው። ፊልምና ስፖርት ላይም ያሳየን ይህንኑ ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በሰፊው የተጀመረው በ1999 በናፕስተር ነው። ሾን ፋኒንግ የሚባል ገና ሃያ ያልሞላው አሜሪካዊ ወጣት የሠራው ፕሮግራም ነበር። እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዘፈን ሌላው እንዲወስድ ያደርጋል፣ ሌላ ነገር የለውም። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ከሰሱት፣ ሜታሊካ የሚባለው የሮክ ባንድም ከሰሰው፣ በ2001 ተዘጋ። ከዚያስ? ካዛ መጣ፣ ላይምዋየር መጣ፣ ፋይሉን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በቁርጥራጭ የሚለቅመው ቶረንት መጣ። አንዱ ሲዘጋ ሌሎች ይከፈታሉ።

ኩባንያዎቹ ይሄ አልሆን ሲላቸው ወደ ራሱ ወደ አድማጩ ዞሩ። ከ2003 ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 35 ሺህ የሚጠጋ ሰው የክስ ወይም "ክፈል አለዚያ እንከስሃለን" የሚል ደብዳቤ ደርሶታል። አንዲት የሚኒሶታ እናት 24 ዘፈን አጋርተሻል ተብላ ፍርድ ቤት ቀረበች። መጀመሪያ 222 ሺህ ዶላር ተፈረደባት። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ 1.92 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፣ ለአንድ ዘፈን 80 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ብዙ ከተንከባለለ በኋላ ወደ መጀመሪያው ገንዘብ ተመለሰ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ማውረዱ አልቀነሰም። በ2008 መጨረሻ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ግለሰብ መክሰሱን እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ስማቸውን ከማጥፋት በቀር ያተረፉት ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ስዊድን እንሂድ፣ ምክንያቱም በሽታውም መድኃኒቱም በደንብ የታየው እዚያ ነው።

ስዊድን ውስጥ ፈጣን ኢንተርኔት ከብዙ አገር ቀድሞ ቤት ለቤት ገብቷል። ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ ጊዜ ያለው ወጣት ምን ያደርጋል? ያወርዳል። በ2003 ፓይሬት ቤይ የሚባለው የቶረንት ገጽ እዚያው ተከፈተ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥም በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ። በግንቦት መጨረሻ 2006 ፖሊስ ሰርቨሮቹን ጭኖ ወሰደ። በሦስት ቀን ውስጥ ገጹ ተመልሶ ሥራ ጀመረ፣ ወሬው ደግሞ ነጻ ማስታወቂያ ሆነለት። በሚያዝያ 2009 መሥራቾቹና አንድ ደጋፊያቸው ፍርድ ቤት የአንድ አንድ ዓመት እስርና በጋራ የ30 ሚሊዮን ክሮና ካሳ ፈረደባቸው። በይግባኝ እስሩ ቀነሰ፣ ካሳው ግን ጨመረ። ታዲያ ከፍርዱ ሁለት ወር በኋላ በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ላይ "ፓይሬት ፓርቲ" የሚባል፣ ስሙን ከዚሁ ጣጣ የወሰደ ፓርቲ ከስዊድን ድምፅ 7 በመቶ አግኝቶ ወንበር ያዘ! ቅጣቱ ያፈራው ይህን ነው።

ፍርዱ በተሰጠበት በዚያው ሚያዝያ ወር ላይ ደግሞ አንድ አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የመብቱ ባለቤት በፍርድ ቤት በኩል ከኢንተርኔት ድርጅቱ የአውራጁን ማንነት መጠየቅ ይችላል የሚል። ሕጉ በጀመረበት ዕለት የስዊድን የኢንተርኔት ትራፊክ በሲሶ ገደማ ወደቀ። ሰዎች በእርግጥ ፈርተው ነበር። ግን ፍርሃቱ ብዙ አልቆየም። ማንነትን የሚደብቁ አገልግሎቶች ገበያ ደራላቸው፣ ትራፊኩም ቀስ በቀስ ተመልሶ ወጣ።

ዳንኤል ኤክ የሚባለው ሰውዬ ግን ሌላ ስሌት ነበረው። ኤክ ለአጭር ጊዜ የማይክሮቶረንት፣ ማለትም ያን ጊዜ ብዙ ሰው ቶረንት ለማውረድ የሚጠቀምበት ፕሮግራም፣ ኃላፊ ነበር። የሰዉን ልማድ ከውስጥ ያውቀዋል። ስርቆትን በሕግ ማጥፋት አይቻልም፣ የሚቻለው ከስርቆቱ የተሻለ ነገር ሠርቶ ለሙዚቃው ባለቤት ደግሞ መክፈል ነው ብሎ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2006 ከማርቲን ሎሬንትዞን ጋር ስፖቲፋይ የተባለውን የሙዚቃ ስትሪሚንግ አገልግሎት መሠረተ፣ በጥቅምት 2008 አገልግሎቱ በስዊድንና በጥቂት የአውሮፓ አገሮች ተከፈተ። ማይክሮቶረንትን የጻፈው ፕሮግራመርም አብሮት ሠራ። ስፖቲፋይ እስከ 2014 ድረስ ዘፈኑን ለማድረስ ከቶረንት ጋር የሚመሳሰል አሠራር ይጠቀም ነበር፣ ከራሱ ሰርቨር ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ እየለቀመ። ዘፈኑ ገና ስትጫኑት ይጀምር የነበረው በከፊል ለዚህ ነው። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያጠኑ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች እንደጻፉት፣ በሙከራው ወቅት ከተጫኑት ዘፈኖች መካከል ሠራተኞቹ ከፓይሬት ቤይ ያወረዷቸው ነበሩበት። ሕጋዊው ሥራ ከሕገወጡ ሰፈር ነው የወጣው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቴክኒኩ አይደለም። ስፖቲፋይ ከነጻው ጋር በዋጋ አልተፎካከረም፣ ማስታወቂያ ለሚችል ሰው እሱም ነጻ ነበር። የተፎካከረው በድካም ነው። ቶረንት ማውረድ ይደክማል፤ ፋይሉ ቫይረስ ይሆን ይሆናል፣ የዘፈኑ ስም ተሳስቶ ይሆናል፣ ግማሹ ይጎድላል፣ ሃርድ ዲስክ ይሞላል። ይሄን ሁሉ ትቶ ሁሉንም ዘፈን በአንድ ቦታ ማግኘት ሲቻል ሰው ከስርቆቱ ራሱ ወጣ። ማንም መክሮ አላወጣውም።

ቁጥሩን ካየን ደግሞ ጎረቤቷ ኖርዌይ የተሻለ ታሳያለች። ኢፕሶስ የተባለው የጥናት ድርጅት ባደረገው ግምት ኖርዌያውያን በ2008 ዓመቱን ሙሉ 1.2 ቢሊዮን ዘፈን በሕገወጥ መንገድ ቀድተዋል። በ2012 ይሄው ቁጥር 210 ሚሊዮን ደረሰ። በአራት ዓመት! ፊልምም ከ125 ሚሊዮን ወደ 65 ሚሊዮን ወርዷል፣ የቴሌቪዥን ድራማም እንዲሁ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። እነዚህ የግምት ቁጥሮች ናቸው፣ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ነው የሚቆጥሩት። ግን እንዲህ ያለ መውረድ በቆጠራ ስህተት ብቻ አይመጣም።

ገንዘቡስ ተመለሰ? በዓለም የተቀዳ ሙዚቃ ገቢ ከ1999 እስከ 2014 ድረስ 40 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ከዚያ በስትሪሚንግ ተገፍቶ ወጣ። በ2024 የኩባንያዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር በቆጠረው መሠረት 29.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፣ ከዚህም 69 በመቶው ከስትሪሚንግ ነው፣ በክፍያ የሚሰማው ሰውም 752 ሚሊዮን ነው። ደስ ይላል። ግን የዋጋ ንረቱን ከቆጠርን ኢንዱስትሪው ገና 1999 ላይ የነበረበት አልደረሰም፣ ይህን ነገር በየዓመቱ የሚወጣው የደስታ መግለጫ ላይ አታገኙትም።

ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ሉዊስ አጊያርና ጆኤል ዋልድፎገል፣ ስፖቲፋይ በነጠላ ዘፈን ሽያጭና በስርቆት ላይ ምን እንዳደረገ ፈትሸው ነበር። ያገኙት ውጤት ለሁለቱም ወገን አይመችም። ስትሪሚንግ ስርቆቱን ቀንሶታል፣ ልክ ነው። የሚሸጠውንም ዘፈን ቀንሶታል። በስትሪሚንግ የገባውና በሽያጭ የጠፋው ሲቀናነስ በዚያን ጊዜ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። ስለዚህ "ሌባው ከፋይ ሆነ" ብቻ አይደለም፣ ድሮም ይከፍል የነበረው ሰው በትንሹ መክፈል ጀመረ ማለትም ነው። ለዚህ ነው ዘፋኞች ስለ ስፖቲፋይ ሲያወሩ ፊታቸው የማይፈታው። ለአንድ ጊዜ መሰማት የሚደርሰው ክፍያ የአንድ ሳንቲም ቁራጭ ነው፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ጊዜ በታች የተሰማ ዘፈን ስፖቲፋይ ላይ ምንም አይከፈለውም። ስርቆት ሲቀንስ ገንዘቡ ወደ ማን ይሄዳል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።

ሙዚቃ ላይ ስርቆቱ ጨርሶ አልጠፋም። በ2023 የወጣ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር ጥናት ላይ ከተጠየቁት 29 በመቶው ሙዚቃ ያለፈቃድ በሆነ መንገድ እንደሚሰሙ ወይም እንደሚያገኙ ተናግረዋል። በብዛት የሚሠራው ከዩቲዩብ ላይ ዘፈኑን ወደ ኤምፒ3 መገልበጥ ነው። ይህን ይሠራ የነበረ ትልቅ ገጽ በ2017 በክስ ተዘግቶ ነበር፣ ዛሬ ስንት እንዳለ ጎግል ላይ መፈለግ ነው። ማስታወቂያውን የሚያጠፋ ክራክ የተደረገ ስፖቲፋይም አለ። ኩባንያው ራሱ በ2018 ወደ አክሲዮን ገበያ ሲገባ 2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሳይከፍል ማስታወቂያውን ዘሎ እንደሚሰማ ለባለሀብቶቹ አሳውቋል። ግን ይሄ ዳር ዳሩ ነው። መሃሉ ከፋይ ሆኗል።

ታዲያ ፊልም ላይ ያው መድኃኒት ለምን አልሠራም? መጀመሪያ ላይ ሠርቶ ነበር። ኔትፍሊክስ በ2007 ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር፣ ከዚያም በ2016 በአንድ ቀን ወደ 130 አዳዲስ አገሮች ሲገባ፣ ነገሩ እንደ ሙዚቃው የሚሆን ይመስል ነበር። ትንሽ ክፍያ፣ ብዙ ፊልም።

ከዚያ እያንዳንዱ ስቱዲዮ "ለምን ለኔትፍሊክስ አበላለሁ?" አለ። ዲዝኒ በ2019 የራሱን ከፈተ። አፕል ከፈተ። ኤችቢኦ፣ ፒኮክ፣ ፓራማውንት ተከተሉ። ፊልሙን ከኔትፍሊክስ እያነሱ ወደየቤታቸው ወሰዱት። አንድ ቤተሰብ የሚፈልገውን ለማየት አራት አምስት ቦታ መክፈል ግድ ሆነበት፤ ከከፈለ በኋላም ትናንት የነበረው ድራማ ዛሬ ላይኖር ይችላል፣ ወይም እሱ ባለበት አገር አይታይም ይባላል።

ሰው እንዲህ ሲሆንበት ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ታይቷል። በ2007 መጨረሻ ኤንቢሲ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከአፕል ጋር ተጣልቶ ድራማዎቹን ከአይቲውንስ መደብር አነሳ። ተመራማሪዎች የቶረንቱን ገበያ ሲለኩት የኤንቢሲ ዝግጅቶች ስርቆት በ11 በመቶ ገደማ ጨምሮ አገኙት። ሲከፍል የነበረ ሰው ነው ወደ ስርቆት የሄደው። ሙዚቃ ላይም አንዴ ተሞክሯል። በ2016 አንዳንድ ትልልቅ ዘፋኞች አዲስ አልበማቸውን በአንድ አገልግሎት ብቻ ማውጣት ጀምረው ነበር። ካንየ ዌስት በየካቲት አልበሙን ታይዳል በሚባለው የሙዚቃ አገልግሎት ብቻ ሲለቅቅ ወዲያው ፓይሬት ቤይ ላይ የሙዚቃውን ዝርዝር መርቶ ተገኘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የዩኒቨርሳል ሙዚቃ አለቃ በእንዲህ ያለ "ለአንድ ቦታ ብቻ" ስምምነት እንዳይቀጠል ማዘዛቸው ተዘገበ። ሙዚቃው ከወጥመዱ የዳነው እዚያ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ዘፈናቸውን ለሁሉም ይሰጣሉ። ስፖቲፋይ ላይ ያለው አፕል ላይም አለ፣ ዩቲዩብ ላይም አለ። ፊልሙ ግን ይህን ትምህርት አልወሰደም፣ የመለያየቱ ነገር ራሱ ንግዱ ሆነ።

ሕገወጥ ገጾችን የሚከታተለው ሙሶ የተባለ ድርጅት በ2020 ወደ 130 ቢሊዮን ጉብኝት ቆጥሮ ነበር። በ2023 ቁጥሩ 229 ቢሊዮን ደረሰ፣ በ2024 ትንሽ ቀንሶ 216 ቢሊዮን ሆነ። ትልቁ ድርሻ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፣ ሙዚቃ በጣም ትንሹን ይዞ ወደ ታች እየወረደ ነው። ሙሶ የሚተዳደረው ለመብት ባለቤቶች መረጃ እየሸጠ ስለሆነ ቁጥሩ ሲተልቅ ለንግዱ አይከፋም፣ ይህን እያሰቡ ማንበብ ነው። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ስዊድንም ተመልሳ መጥታለች፣ በ2024 በተደረገ መጠይቅ ከአራት ሰው አንዱ በሕገወጥ መንገድ እንደሚያይ ተናግሯል፣ በተለይ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉት። ስፖቲፋይ የተወለደበት አገር ነው እንግዲህ።

ደግሞ ስርቆቱ ራሱ ስትሪሚንግ ሆኗል። የድሮው ማውረድ ቀርቶ አሁን ከሕገወጡ የፊልም እይታ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በቀጥታ ገጹ ላይ ተጭኖ የሚታይ ነው። ገጾቹ ኔትፍሊክስን ይመስላሉ፣ ፖስተር፣ መፈለጊያ፣ ካቆምክበት የመቀጠያ ቁልፍ። ከኔትፍሊክስ የሚለዩት ሁሉንም ስቱዲዮ በአንድ ላይ መያዛቸው ብቻ ነው። ሕጋዊዎቹ ሊያደርጉት ያልፈለጉትን ሌባው አደረገው።

ይሁንና ኔትፍሊክስን ያየ ሰው አንድ የማይመች ጥያቄ ሊያነሳብኝ ይችላል። በ2017 "ፍቅር ማለት ፓስወርድ መጋራት ነው" ብሎ ትዊት ያደረገው ኩባንያ በ2023 ፓስወርድ መጋራትን ከለከለ። ብዙዎች (እኔን ጨምሮ) ሰው ወደ ስርቆት ይነጉዳል ብለን ነበር። አልነጎደም። ደንበኛው ጨምሮ በ2024 መጨረሻ ከ300 ሚሊዮን አለፈ። ስለዚህ ትልቁና ብዙ የያዘው አገልግሎት ሲያጠብቅ ሰው ይታገሳል። የማይታገሰው አምስተኛው፣ ለአንድ ድራማ ብቻ የሚከፈለው ነው።

ኳስ ከሁሉም የባሰ ነው። ድራማ ቢያንስ ነገ ይታያል፣ ጨዋታ ግን አሁን ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የእንግሊዝ ሰው ራሱ ሙሉውን ከፍሎ ማየት አይችልም። ቅዳሜ ከሰዓት በሦስት ሰዓታቸው የሚጀመሩ ጨዋታዎች ሰው ስታዲየም እንዲሄድ ተብሎ ከስንት ዘመን ጀምሮ በአገሪቱ ቴሌቪዥን አይተላለፉም፣ እኛ ግን እናያቸዋለን። የቀሩት ደግሞ ለተለያዩ ጣቢያዎች ተሽጠዋል። ክፍተቱ ውስጥ የገቡት ሰዎች ቀልደኞች አይደሉም። በ2023 አንድ ቡድን ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከ50 ሺህ በላይ ደንበኛ እንደነበረውና ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሰበሰበ ተረጋገጠ፣ መሪው 11 ዓመት ታሰረ። 50 ሺህ ሰው ለሌባ በየወሩ ከፍሏል! መክፈል የማይወድ ሕዝብ እንዲህ ያደርጋል?

ጣሊያን ደግሞ በ2024 ሕገወጥ ስርጭትን በደቂቃዎች የሚዘጋ አሠራር አቆመች፣ በጥቅምት ላይ በስህተት ጎግል ድራይቭን ዘግታ አረፈችው። ወደ ባህረ ሰላጤው ስንመጣ ቤአውትኪው የሚባለውን ሕገወጥ ስርጭት ነገር የሚያስታውስ አለ። ከ2017 እስከ 2019 የኳታሩ ቢኢን ስፖርት ምስል ሙሉ በሙሉ እየተነጠቀ በሳተላይት ሲበተን ነበር፣ ያኔ ሳዑዲና ኳታር ተኳርፈዋል። ጉዳዩ ዓለም ንግድ ድርጅት ድረስ ሄዷል። እሱ እንኳ የፖለቲካ ስርቆት ነው፣ ከዋጋም ከምቾትም ጋር አይገናኝም።

አገር ቤትስ? እኛ ጋ ስትሪሚንግ ስርቆትን ቀነሰ ወይስ ጨመረ ከማለት በፊት በሩ መች ተከፈተና ማለት ይቀድማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ይጠብቃል። ሕጉ ሲወጣ ካሴቱ በሲዲ እየተተካ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ መቶና ሁለት መቶ ዘፈን የታጨቀበት ኤምፒ3 ሲዲ መንገድ ላይ መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ መጣ። ሙዚቃ ቤቱ ራሱ "ምን ልጫንልህ?" ባይ ሆነ። አሁን ደግሞ ቴሌግራም አለ። አልበሙ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ሙሉው ቻናል ላይ ይገኛል፣ ፊልሙም እንዲሁ። የሚያስገርመኝ ግን በአማርኛ የተተረኩት የውጭ ፊልሞች ናቸው። ኔትፍሊክስ በአማርኛ አያናግራችሁም። ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ሕጋዊ ድርጅት ስለሌለ ያለፈቃድ የሚሠራው ብቻውን ገበያውን ይዞታል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ፈቃድ ያላቸውን የውጭ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ በነጻ በዲሽ ሲያቀርብ ሰዉ እንዴት እንደነጎደ ታስታውሳላችሁ። ጥራቱም ባህሉም ብዙ አከራክሯል፣ እሱን ልተወው፤ ግን ማንም ፍላሽ ይዞ ሙዚቃ ቤት አልሄደም።

ኳሱ ላይ ያለው ነገር ደግሞ መካከለኛ ነው። ዲኤስቲቪን ቤቱ ማስገባት የማይችል ሰው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ በጥቂት ብር ያያል። ይሄ በራሱ ሕዝቡ የፈጠረው የክፍያ ዘዴ ነው፣ በወር ሳይሆን በጨዋታ። ሌላው ደግሞ ዲሽ ሠሪ ጠርቶ፣ ሪሲቨሩ ላይ በኢንተርኔት የሚሠራ የዓመት አካውንት አስገብቶ የተቆለፈውን ቻናል ያስከፍታል። እሱም በነጻ አይደለም። እዚህም ሰው ይከፍላል፣ የሚከፍለው ግን ለጨዋታው ባለቤት አይደለም።

ለውጭ አገልግሎት መክፈል ሌላ ጣጣ ነው። በብር የሚሠራው ካርድ ለአብዛኛው ሰው ድንበር አይሻገርም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አበሻ ይህ ችግር የለበትም፣ በካርዱ ይከፍላል። እሱን የሚያጋጥመው ሌላ ነው። የአባቱ ዘመን ካሴቶች አብዛኞቹ ስፖቲፋይ ላይ የሉም። ማስተሩ የት እንዳለ፣ መብቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፣ አሳታሚው ሞቷል ወይም ሱቁ ተዘግቷል። ስለዚህ አንድ ቸር ሰው ካሴቱን ገልብጦ ዩቲዩብ ላይ የጫነውን ይሰማል። ይሄ በሕግ ፊት ጥሰት ነው። በተግባር ግን ብዙ ሥራዎችን ከመጥፋት ያተረፈው እሱ ነው፣ ማንም ሊከሰው ቢነሳ እኔ ከሰውዬው ጎን ነኝ።

የአገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያ ሙከራዎቹ ታዲያ ትክክለኛው አቅጣጫ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ከሌሎች ጋር አውታርን ጀመሩ። ሙዚቀኞች ራሳቸው ሱቅ ሲከፍቱ ማየት ትልቅ ነገር ነበር። ኤልያስ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈ። ከዚያ ሰዋስው መጣ፣ ብዙ ታዋቂ ድምፃውያንን አስፈርሞ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ስላለ "መክፈያ የለንም" የሚለው ሰበብ ለአገር ውስጥ አገልግሎት እየተዳከመ ነው። የቀረው የዳታ ዋጋ ነው፣ አንዴ ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል ዳታ አይበላም፣ የቴሌግራሙ ፋይል ጥንካሬም ከዚህ ይመጣል። ዘፈኑን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማሰማት በደንብ የማይሠራ መተግበሪያ እዚህ አገር ሩቅ አይሄድም።

እኔን የሚያሰጋኝ ግን ውሉ ነው። አንዱ ዘፋኝ እዚህ መተግበሪያ ላይ ብቻ፣ ሌላው እዚያ ላይ ብቻ፣ ሦስተኛው ዩቲዩብ ላይ ብቻ ከሆነ የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች የሠሩትን በእኛ ጠባብ ገበያ ላይ ልንደግመው ነው። አድማጩ ሁለት ቦታ አይከፍልም። ቴሌግራም ላይ ሁሉም በአንድ ቻናል አለለት። መተግበሪያዎቹ መወዳደር ያለባቸው በድምፅ ጥራት፣ በዋጋ፣ በድሮ ካሴት ፍለጋ ላይ ነው፣ ዘፋኙን ቆልፎ በመያዝ ላይ ሳይሆን። ለዘፋኙ ወይም ለፕሮዲውሰሩ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት አንድ መስመር ማየት ይበቃዋል፤ "ለዚህ ድርጅት ብቻ" የሚል ካለ ለስንት ወር እንደሆነ ይጠይቅ።